ቢኖር የሚጠቅም፥ ባይኖር የማያግድ፤ በሚታደሉ የጨዋታ አሴቶች ውስጥ ስላለው አማራጭ ጥገኝነት

የኮምፒዩተር ጨዋታ የሚሠራ ሰው ሁሉን ነገር ከመሠረቱ ጀምሮ በገዛ እጁ አይሠራም። የፊደሉን አሳሳል፥ የድምፁን አወጣጥ፥ የእንቅስቃሴውን ስሌት ሌሎች አዘጋጅተው ያቀርቡለታል፤ እርሱም ተቀብሎ የራሱን ይጨምርበታል። እንዲህ ተዘጋጅቶ የሚታደል ነገር በሙያው ቋንቋ አሴት ይባላል፤ ሥዕል ወይም ድምፅ ወይም ኮድ ወይም የሦስቱ ድብልቅ ሊሆን ይችላል። አሴቶችም በተራቸው በሌሎች አሴቶች ላይ ይደገፋሉ። ያለ ድጋፉ ፈጽሞ የማይሠራ የሆነ እንደ ሆነ ጥገኝነቱ የግዴታ ነው፤ ድጋፉ ቢኖር የሚጠቀምበት፥ ባይኖር ግን ያለ እርሱ ሥራውን የሚቀጥል የሆነ እንደ ሆነ ጥገኝነቱ የአማራጭ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ሁለተኛውን ነው።

ነገሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ሲሠራ ግን አስቸጋሪ የሚሆንበት ምክንያት አለው። አዘጋጁና ተቀባዩ አይተዋወቁም። አዘጋጁ አሴቱን ሲጽፍ በተቀባዩ ፕሮጀክት ውስጥ ምን እንዳለና ምን እንደሌለ ሊያውቅ አይችልም፤ ተቀባዩም የአዘጋጁን ኮድ ከፍቶ የሚያርም ሰው አይደለም። ከዚህም በላይ ስሕተቱ በአሴቱ ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። ምሳሌዎቼን ሁሉ የምወስድበት ዩኒቲ የተባለው የጨዋታ መሥሪያ፥ በፕሮጀክቱ ውስጥ ካለው ኮድ አንዲት መሥመር እንኳ ኮምፓይል አልሆን ካለች ጨዋታውን በሙሉ ለማስነሣት እምቢ ይላል። እንግዲህ በአንድ ትንሽ አሴት ውስጥ የሌለ ነገር በስሙ ቢጠራ፥ የወራት ሥራ ያለበት ፕሮጀክት በዚያ ምክንያት ይቆማል ማለት ነው።

ጉዳዩን በዓይን ለማየት እንዲመች አንድ አሴት እናስብ። ሥራው ቁጥርን ወደ ግዕዝ አኃዝ መለወጥ ነው እንበል፤ 2018ን ሲሰጡት ፳፻፲፰ ብሎ ይመልሳል። ይህ ስሌት ብቻ ስለ ሆነ ማንንም አይለምንም። ነገር ግን ውጤቱን በጨዋታው መስኮት ላይ ለማሳየት ጽሑፍ አውጪ ያስፈልገዋል፤ በዩኒቲም ውስጥ ጽሑፍ የሚወጣባቸው መንገዶች ከአንድ በላይ ናቸው። አንደኛው የቆየው ቴክስት የሚባለው ሲሆን፥ ሁለተኛው ቴክስትሜሽፕሮ ነው። ሁለተኛው ጽሑፉን አጥርቶ በማውጣት ይሻላል፤ ሆኖም አብሮት የሚመጣው ሊብሬሽን ሳንስ የተባለው የፊደል ቅርጽ የእኛን ፊደል አልያዘም፤ ስለዚህ ተስማሚ የፊደል ቅርጽ ካልቀረበለት በፊደሉ ፈንታ ባዶ አራት ማዕዘን ያወጣል። ቴክስትሜሽፕሮ ያለው ተቀባይ ከአሴታችን የሚጠብቀው ስሌቱን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ዝግጅት ነው። የሌለው ተቀባይ ደግሞ ስሌቱን ብቻ ይፈልጋል። ሁለቱንም ማገልገል ይገባናል።

በሌሎች የሶፍትዌር ዓለሞች ይህን በግልጽ ለመናገር የሚያስችል ቃል አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው ዴቢያን እያንዳንዱ ፓኬጅ ግዴታ የሚፈልገውን፥ አብሮት ቢኖር የሚመክረውንና እንዲያው የሚጠቁመውን በሦስት የተለያዩ መሥመሮች ለይቶ ይጽፋል። ለጃቫስክሪፕት የሚያገለግለው ኤንፒኤምም ለአማራጭ ጥገኝነት የተለየ ስፍራ አለው፤ አንሪል የተባለው የጨዋታ መሥሪያም በፕለጊን መግለጫው ውስጥ ይህን ሌላ ፕለጊን የምፈልገው በአማራጭ ነው ለማለት ይፈቅዳል። ዩኒቲ እ.ኤ.አ. በ2018 የፓኬጅ አስተዳዳሪውን ሲያወጣ የተቀበለው የግዴታውን መሥመር ብቻ ነው። በፓኬጁ መግለጫ ፋይል ላይ የሌላ ፓኬጅ ስም የተጻፈ እንደ ሆነ አስተዳዳሪው ያንን ያወርዳል፤ ባያገኘው ስሕተት ያወጣል። ካለ ልጠቀም፥ ከሌለ ልለፍ ማለት በዚያ ፋይል ውስጥ አይቻልም። ከ2010 ጀምሮ በአሴት ስቶር ሲታደል በኖረው በአሮጌው የታሸገ ፋይል የሚመጣ አሴት ደግሞ በቀጥታ ወደ አሴትስ ፎልደር ስለሚገባ፥ አስተዳዳሪው መኖሩንም አያውቅ።

ይህ ጉድለት በመኖሩ አዘጋጆች የተለያየ ዘዴ ፈጥረዋል። ሁሉም ግን እኩል አይደሉም።

የመጀመሪያው ዘዴ የፕሮጀክት ምልክት መትከል ነው። የሲ ሻርፕ ቋንቋ፥ ይህ ምልክት ካለ ከዚህ እስከዚህ ያለውን ኮድ አንብብ፥ ከሌለ እንዳላየህ እለፈው ብሎ ኮምፓይለሩን ማዘዝ ይችላል። አዘጋጁም ቴክስትሜሽፕሮን የሚጠራውን ኮድ ሁሉ በእነዚህ መሥመሮች መካከል ያጥረዋል፤ ከዚያም ትንሽ ስክሪፕት ጽፎ፥ ቴክስትሜሽፕሮ መኖሩን ባየ ጊዜ ምልክቱን በፕሮጀክቱ መቼት ላይ ይተክላል። መትከሉ ይሠራል። መንቀሉ ነው ችግሩ። ተቀባዩ ቴክስትሜሽፕሮን ሲያስወግድ ምልክቱ በመቼቱ ላይ እንደ ተተከለ ይቀራል፤ ምልክቱን አይቶ የገባው ኮድ የሌለውን ይጠራል፤ ኮምፓይሉ ይወድቃል። ምልክቱን የሚነቅለውም ስክሪፕት ራሱ ኮድ ነውና፥ ፕሮጀክቱ ተዘግቶ እንደገና ሲከፈት ኮምፓይሉ ካልተስተካከለ እርሱም አይነሣም። በሩ ከውስጥ ተቆልፎ ቁልፉ ከውስጥ እንደ ቀረበት ቤት ነው። ከ2020.2 ወዲህ ያለው ዩኒቲ እንዲህ ያለ ፕሮጀክት ሲገጥመው የሚከፍተው ሴፍ ሞድ የሚባል ጠባብ መግቢያ አለው፤ ነገር ግን በዚያ ገብቶ ምልክቱን በእጁ መንቀል የሚገባው ተቀባዩ ነው፤ ምልክቱን ማን እንደ ተከለው ደግሞ ብዙ ጊዜ አያውቅም። በዚህ ላይ ምልክቱ የሚተከለው ለእያንዳንዱ የመጫወቻ መሣሪያ ለብቻው ስለ ሆነ፥ ለዊንዶውስ ተተክሎ ለአንድሮይድ ሊረሳ ይችላል። ይህ ዘዴ ዛሬም በብዙ አሴቶች ውስጥ ይገኛል፤ እኔ ግን ሌላ ምርጫ እስካለ ድረስ የሚመከር አይመስለኝም።

ሁለተኛው ዘዴ ሪፍሌክሽን ነው። ኮዱ የሌላውን ስም በቀጥታ ሳይጠራ፥ ጨዋታው በሚሄድበት ጊዜ እንዲህ የሚባል ክፍል አለ ወይ ብሎ በጽሑፍ ስም ይጠይቃል። የሌለ ነገር በስም ስላልተጠራ ኮምፓይለሩ አይቆጣም። ነገር ግን ዩኒቲ ጨዋታውን ለስልክ ሲያዘጋጅ ማንም የማይጠራውን ኮድ ቆርጦ ይጥላል፤ በጽሑፍ ስም የተጠየቀውንም ማንም አይጠራውም ብሎ ሊቆጥረው ይችላል። ስለዚህ በኮምፒዩተር ላይ ሲሠራ የነበረው በስልክ ላይ ሳይታወቅ ይጠፋል። ለአንዲት ጥያቄ ብቻ ከሆነ ይበቃል፤ ሙሉ ሥራ ሊቆምበት ግን አይገባም።

ሦስተኛው ዘዴ ረዘም ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። ከ2017.3 ጀምሮ ዩኒቲ ኮድን በድንበር እንድንከፍል የሚያስችል አሴምብሊ ዴፊኒሽን የሚባል ፋይል አለው። እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ኮምፓይል ይሆናል፤ የትኛውን ሌላ ክፍል እንደሚያውቅም በፋይሉ ላይ ይጻፋል። በ2019.1 ደግሞ ቨርዥን ዴፋይንስ የሚባል መሥመር ተጨመረበት። ትርጉሙ እንዲህ ነው፤ ይህ ስም ያለው ፓኬጅ በዚህ የእትም ወሰን ውስጥ በፕሮጀክቱ ከተገኘ፥ ይህን ምልክት ለዚህ ክፍል ብቻ አቁም። ምልክቱን የሚያቆመውም የሚያወርደውም ዩኒቲ ራሱ ነው፤ ፓኬጁ ሲገባ ይቆማል፥ ሲወጣ ይወርዳል። በመቼቱ ላይ የሚተከል ነገር ስለሌለ የሚነቀልም የለም። የእትሙ ወሰን በቁጥር ይገለጻል፤ 1.0.0 ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ከዚያ ጀምሮ ወደ ላይ ያለውን ሁሉ ማለት ሲሆን፥ ላይኛውንም ወሰን መገደብ የፈለገ ሁለቱን ቁጥሮች በሒሳብ ቅንፍ ያስቀምጣል።

በዚሁ ፋይል ላይ ዴፋይን ኮንስትሬይንትስ የሚባል ሌላ መሥመር አለ፤ እርሱም ይህ ምልክት ካልቆመ ክፍሉን በሙሉ ኮምፓይል አታድርግ ይላል። ሁለቱ መሥመሮች በአንድነት ሲሠሩ አማራጭ ጥገኝነት በትክክል ይገለጻል። ወደ ምሳሌያችን ስንመለስ፥ የግዕዝ አኃዝ አሴታችን በሁለት ክፍል ይከፈላል። ዋናው ክፍል ስሌቱን ይይዛል፤ የቴክስትሜሽፕሮን ስም ፈጽሞ አያነሣም። ሁለተኛው ድልድይ ይሁን፤ ዋናውንም ቴክስትሜሽፕሮንም ያውቃል፥ ኮምፓይል የሚሆነውም ቴክስትሜሽፕሮ ሲኖር ብቻ ነው። ድልድዩ በማይኖርበት ፕሮጀክት ውስጥ የማትገኝ አሴምብሊ በማጣቀሻው ላይ መጠቀሷ ብቻውን ስሕተት አያመጣም።

አንዳንድ ሰዎች ድልድይ መሥራት ለምን ያስፈልጋል፥ በዋናው ክፍል ውስጥ እዚህም እዚያም ማጠሪያ መሥመር ብናደርግ አይበቃም ወይ ይላሉ። ለአንድ አማራጭ ይበቃ ይሆናል። አማራጮቹ ሲበዙ ግን ኮዱ ምን ጊዜ ምን እንደሚሆን አንብቦ ማወቅ ከባድ ይሆናል፤ ማጠሪያ በበዛበት ፋይል ውስጥ አንድ ቅንፍ ከውጭ መቅረቱ የሚታወቀው ደግሞ በአዘጋጁ ዘንድ ሳይሆን በተቀባዩ ዘንድ ነው።

ዋናው ድልድዩን የማያውቅ ከሆነ በምን ይገናኛሉ የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ የትውውቁን አቅጣጫ መገልበጥ ነው። ዋናው ክፍል፥ ጽሑፍ ማውጣት የሚችል ማንም ቢሆን በዚህ ውል መጥቶ ይመዝገብ ብሎ አንድ ኢንተርፌስ ያቀርባል። ድልድዩ ጨዋታው ሲጀምር ራሱን ያስመዘግባል። ማንም ካልተመዘገበ ዋናው የተለመደውን መንገድ ይከተላል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ ማንም በቀጥታ የማይጠራውን ድልድይ፥ ከላይ ስለ ሪፍሌክሽን እንደ ተባለው፥ ለስልክ የሚያዘጋጀው ቆራጭ ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ በድልድዩ ላይ ኦልዌይስ ሊንክ አሴምብሊ የተባለውን ማስታወቂያ ማኖር ያስፈልጋል። ይህን ያላደረገ አሴት በአዘጋጁ ኮምፒዩተር ላይ ያለ እንከን ይሠራል፤ በተጫዋቹ ስልክ ላይ ግን ድልድዩ ላይመዘገብ ይችላል።

እስካሁን የተባለው ሁሉ በአንድ ነገር ላይ ይቆማል፤ ይኸውም የፓኬጁ ስም ነው። ስም ደግሞ ይለወጣል። የቴክስትሜሽፕሮ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። መጀመሪያ በአሴት ስቶር የሚሸጥ የግለሰብ ሥራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ዩኒቲ ገዝቶ በነጻ ሰጠው፤ ቀጥሎም ኮም.ዩኒቲ.ቴክስትሜሽፕሮ በሚል ስም ራሱን የቻለ ፓኬጅ ሆነ። ብዙ አዘጋጆችም ያንን ስም በቨርዥን ዴፋይንስ ላይ ጻፉ፤ ትክክልም ነበሩ። ከዚያ በዩኒቲ 2023.2 ቴክስትሜሽፕሮ ከኮም.ዩኒቲ.ዩጂዩአይ 2.0.0 ጋር ተዋሐደ። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ዩኒቲ 6 አዲስ ፕሮጀክት የጀመረ ሰው ቴክስትሜሽፕሮ ሙሉ በሙሉ አለው፤ የአሴምብሊዋም ስም አልተለወጠም፤ በቀድሞ ስሙ የሚጠራው ፓኬጅ ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም። እንግዲህ አሮጌው ድልድይ ምን ይሆናል? ስሙን ይፈልጋል፥ አያገኝም፥ ምልክቱ አይቆምም፥ ክፍሉ ኮምፓይል አይሆንም። ስሕተት የሚል ቀይ መሥመርም አይወጣም፤ ምክንያቱም ከሌለ እለፍ ያልነው እኛው ነን።

እኔ ከዚህ ዘዴ ድካም ሁሉ ይህን ከባዱ አድርጌ እቆጥረዋለሁ። በመጀመሪያው ዘዴ ፕሮጀክቱ ሲቆም ቢያንስ ሰው ያውቃል። እዚህ ግን ድልድዩ ዝም ብሎ ይጠፋል፤ ተቀባዩም ይህ አሴት ድሮም እንዲህ ነው ብሎ ያስባል። ፈውሱ በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፥ አንዱን ምልክት ሁለት መሥመሮች እንዲያቆሙት ማድረግ ይቻላል፤ ወይ የቀድሞው ፓኬጅ ካለ፥ ወይ ዩጂዩአይ ከ2.0.0 ጀምሮ ካለ። ሁለተኛ፥ ድልድዩ መነሣቱን ወይም አለመነሣቱን አሴቱ በመቼት ገጹ ላይ በአንዲት ዐረፍተ ነገር ይናገር፤ ቴክስትሜሽፕሮ ተገኝቷል ወይም አልተገኘም ይበል። ሥራው የአንድ ሰዓት ነው፤ ብዙ አሴቶች ግን የላቸውም።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሌላ ወጥመድ በኢንፑት ሲስተም ላይ አለ። ዩኒቲ ራሱ የሚያቆመው ኢኔብል ኢንፑት ሲስተም የሚባል ምልክት አለ፤ ስሙን ያየ ሁሉ ፓኬጁ መኖሩን የሚመሰክር ይመስለዋል። ምልክቱ ግን የሚናገረው በመቼቱ ላይ የተመረጠውን የግቤት ዓይነት ነው። ፓኬጁ መኖሩን ለማወቅ ቨርዥን ዴፋይንስን፥ መመረጡን ለማወቅ ያንን ምልክት፥ ሁለቱንም መጠየቅ ይገባል።

ስለ ኮድ ይህን ያህል ካልን፥ ከኮድ ይልቅ ውድ ስለ ሆነው፥ ማለት ተቀባዩ በገዛ እጁ ስላስገባው ዳታ እንናገር። ኮድ ቢሰበር አዲስ እትም ይወጣል፤ ዳታ ከጠፋ አዘጋጁ ሊመልሰው አይችልም። ዩኒቲ በትዕይንት ላይ ያለውን እያንዳንዱን ነገር በፋይል ሲያስቀምጥ የሚጽፈው በዚያች ሰዓት የሚያውቃቸውን መስኮች ነው። አዘጋጁ በአንድ ክፍል ውስጥ የፊደሉን ቅርጽ የሚይዘውን መስክ በማጠሪያ መሥመር መካከል ቢያደርገው፥ ምልክቱ በወረደበት ኮምፒዩተር ላይ ያ መስክ እንደሌለ ይቆጠራል። እዚያ ትዕይንቱ ተከፍቶ እንደገና የተቀመጠ እንደ ሆነ የመስኩ ይዘት ከፋይሉ ይወጣል። በእኛ ተማሪዎች ዘንድ ፕሮጀክት ሲዋዋሱ ለማሳነስ ሲባል አሴትስ ፎልደሩን ብቻ በፍላሽ መውሰድ የተለመደ ነው፤ የፓኬጆቹን ዝርዝር የያዘው ፋይል ግን ያለው ፓኬጅስ በሚባለው በሌላው ፎልደር ውስጥ ነው። ፓኬጁ ሳይኖረው የከፈተው ጓደኛ አንድ ድንጋይ አንቀሳቅሶ ያስቀምጣል፤ ሲመልሰው አርባ ጽሑፎች የተመረጠላቸውን የፊደል ቅርጽ አጥተዋል። እርሱ ምንም አላጠፋም።

ስለዚህ ሊጣስ የማይገባ ሕግ ነው የምለው፥ የሚቀመጥ መስክ በማጠሪያ መሥመር መካከል አይግባ የሚለው ነው። መስኩ የአማራጩን ዓይነት የሚፈልግ ከሆነ ሙሉ ክፍሉ በድልድዩ ውስጥ ይኑር። ድልድዩ ኮምፓይል ባልሆነበት ፕሮጀክት ውስጥ ያ ክፍል ስክሪፕቱ ጠፍቷል የሚል ማስታወቂያ ያሳያል፤ አያምርም፥ ነገር ግን ማንም በእጁ ካላስወገደው በቀር ዳታው በፋይሉ ውስጥ ይቆያል፤ ፓኬጁም ሲመለስ ይመለሳል። በዚሁ ምክንያት ከዋናው ክፍል ጋር በሚታደሉ ፕሪፋቦች ላይ የድልድዩን ክፍል ማጣበቅ አይገባም፤ ቴክስትሜሽፕሮ የሌለው ተቀባይ ገና በመጀመሪያው ቀን የጠፋ ስክሪፕት ማስታወቂያ ያያልና። እነዚያ ፕሪፋቦች ሳምፕልስ በሚባለው ፎልደር ይቀመጡ፤ በስሙ መጨረሻ ላይ የሞገድ ምልክት ያለበትን ፎልደር ዩኒቲ አያየውም፥ ተቀባዩም የፈለገ እንደ ሆነ ከፓኬጅ አስተዳዳሪው መስኮት ላይ በአንድ ቁልፍ ያስገባዋል።

ይኸው የሳምፕልስ መንገድ ሌላም ችግር ያቃልላል። እንደ ዶትዊን ያሉ በሰፊው የታወቁ አሴቶች አሴትስ ፎልደር ውስጥ በቀጥታ ሲገቡ በፓኬጅ ስም ስለማይታወቁ፥ ቨርዥን ዴፋይንስ ሊያያቸው አይችልም። ለእነርሱ የሚደረገው ድልድይ ሳይከፈት በሳምፕልስ ውስጥ ተቀምጦ፥ ተቀባዩ በፈቃዱ ቢያወጣው ይሻላል። ማሽን ሊያውቀው ያልቻለውን ሰው ይወስን። ተቀባዩን ማስቸገር ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ሳይጠየቅ ከሚደረግ ግምት ይልቅ አንዲት ቁልፍ መጫን ቀላል ነው እላለሁ።

የቀረው ፍተሻው ነው። አንድ አማራጭ ያለው አሴት ሁለት ሁኔታ አለው፤ ሦስት አማራጭ ያለው 8፥ አምስት ያለው 32። በማጠሪያ መሥመር የተሞላ ኮድ 32ቱንም መፈተን ይጠይቃል፤ ምክንያቱም አንዱ ማጠሪያ ሌላውን ሊነካ ይችላል። እያንዳንዱ ድልድይ ዋናውን ብቻ የሚያውቅና ሌሎቹን ድልድዮች የማያውቅ ከሆነ ግን ፍተሻው ወደ 7 ይወርዳል፤ አንዱ ከምንም ጋር ሳይሆን ባዶ ፕሮጀክት ላይ፥ አምስቱ እያንዳንዱ አማራጭ ለብቻው፥ ሰባተኛው ሁሉም በአንድነት። ከሰባቱ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው የመጀመሪያው ነው፤ የአዘጋጁ ኮምፒዩተር ሁሉም ነገር ያለበት ነውና። አሴቱ ከመታደሉ በፊት ምንም ባልተጨመረበት አዲስ ፕሮጀክት ውስጥ ገብቶ፥ አንድ አማራጭ ተጨምሮ፥ ትዕይንቱ ተቀምጦ፥ አማራጩ ወጥቶ፥ ትዕይንቱ እንደገና ተከፍቶ መታየት አለበት፤ በዚያን ጊዜ ቀይ መሥመር ካልወጣና አማራጩ ሲመለስ የተቀመጠው ሁሉ በስፍራው ከተገኘ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል።